ለላሃኒያ፣ በተከለችው ደን ለታሰረችው

የሱካኒ ወንዝ ዳር ሰዎች! አባቶች፣ እናቶች፣ የመንደራችን ሹም ጋሽ ፑራን፣ ከማዶ ወንዙን በእግራችሁ ተሻግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ልጇ ሁላስ፣ ምራቷ ሱንማቲ፤ ሁላችሁንም እጅ ነሥቻለሁ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተዋል። እርስዎንም እጅ ነሥቻለሁ፣ ጌታዬ። ከኋላ አይቁሙ። ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ። ዛሬ የምናገረው ለእርስዎም ጭምር ነው።

አስከሬኗ እንጨቱ ላይ ተጋድሟል። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ጥቂት እንድናገር ሽማግሌዎቹ ፈቅደውልኛል። እኔ ጆካን ነኝ፤ የደን ጠባቂው። ንግግር አላውቅበትም። ከላሃኒያ ጋር ሃያ አራት ዓመት የኖርኩት በመጨቃጨቅ ነው። ዛሬም ድምፄ ከፍ ቢል እንዳትገረሙ። ያዘነ ሰው ያለቅሳል ይባላል። እኔ ግን ተናድጃለሁ። እንባዬን ንዴቴ አድርቆታል።

ላሃኒያ ማን ነበረች? ወጣቶቹ «እትዬ ዛፍ» እያላችሁ ነው ያደጋችሁት። ከዚያ በፊት የነበረችውን አታውቋትም። በሰባት ዓመቷ ነው ለባለ መሬት ቤት የተሰጠችው። የሰው ዕቃ እያጠበች፣ የሰው ልጅ እያዘለች፣ የተረፈ ሩዝ እየበላች አደገች። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነበርን። ኋላ «ነፃ ወጥታችኋል» ተባልን። መሬት ተሰጠን። የት? እዚህ። ሱካኒ በየክረምቱ እየመጣ የሚውጠው አሸዋ ላይ። ያኔ እዚህ ዛፍ ነበር? አልነበረም። ጥላ ነበር? አልነበረም። ከሰሜኑ ደን እስከ ደቡቡ ደን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ያ ሁሉ ራቁቱን የቀረ ሜዳ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወንዙ አሥራ አንድ ቤት ይዞ ሄደ። እኛ ፈጣሪን ረገምን። ላሃኒያ ግን የተሸረሸረውን ዳርቻ ስትመለከት ዋለችና «ይሄ አፈር የሚይዘው ሥር የለውም» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው አጀማመሩ። ከሰሜኑ ደን ሺሻም የሚባለውን ዛፍ ዘር በሻሿ ቋጥራ አመጣች። የተጣለ የወተት ላስቲክ ከገበያ ለቅማ አፈር ሞላችበት። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት መቶ ችግኝ አደረሰችና ከሰባት ሴቶች ጋር ተከለች።

ስድስት መቶውንም ማን በላው? ለወተት የማረባቸው የኔ ጎሾች። እንዲያው ሳልጠብቃቸው ቀርቼ አይደለም። ሣሩ እዚያ ስለነበረ እያየሁ ለቀቅኋቸው። «ሴትዮዋ ጨዋታ ይዛለች» ብዬ።

በማግስቱ ላሃኒያ ደጄ መጣች። አልጮኸችም። ከስድስቱ ጎሾቼ ወተት የምትሰጠዋን፣ ካሪን፣ ከግንዷ ፈታ መንዳት ጀመረች።

«አንቺ ሴትዮ! ጎሼን ወዴት ነው?»

«ችግኜን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «ሆዷ ውስጥ ስላለ እሷንም መውሰድ ግድ ሆነብኝ።»

«ትመልሻለሽ ወይስ ሹሙን ልጥራ?»

«ጥራው። ስትመጣ ግን አካፋ ይዘህ ና።»

ሹሙን ጠራሁ። ሹሙ ሳቀብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ካሪን እያለበች ወተቷን ጉድጓድ ለሚቆፍሩት ሴቶች አጠጣች። በአራተኛው ቀን አካፋዬን ይዤ ሄድኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? እጄ እስኪያብጥ ቆፈርኩ። መጣች፤ ክንዷን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተች፤ እስከ ክርኗ አልደረሰም።

«ጆካን፣ ይሄ ጉድጓድ ነው እንዴ? ይሄ እኮ የዶሮ መንደባለያ ነው።»

እንዲህ ነው እኔ ዛፍ ተካይ የሆንኩት። በጎሽ ተይዤ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ያንን ክንድ ፈርቼ ቆፈርኩ። ሺሻም ተከልን። ዶቅማ ተከልን። ሾላ ተከልን። ሣሩ አደገ፤ አጋዘኑ ሣሩን ተከትሎ መጣ። ወንዙም ወደ ቤታችን መጠጋቱን ተወ።

ከዚያ ከዋና ከተማ አዋቂዎች መጡ። ካርታ ዘርግተው በሰሜኑ ደን ነብር አለ፣ በደቡቡም አለ፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ስለለያያቸው እየመነመኑ ነው፤ የናንተ ዛፍ ከተጋጠመ ግን ባለ መስመሩ ነብር ከዚያ ወደዚህ ይሻገርበታል አሉን። ትዝ ይላችኋል ምን እንዳልን? «ነብር እንዲበላን ነው እንዴ ዛፍ የምንተክለው?» ብለን ተንጫጫን። ላሃኒያ ተነሣች።

«እኔ ነብር አልወድም» አለች። «የሚወድ ካለ አቅፎ ይሳመው። ግን ልጠይቃችሁ። ዛፋችን ግንድ ሲያወጣ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ አይመጣም? እኛን ይፈራናል? አይፈራንም። ነብሩን ግን ይፈራል። እኔ የማልከፍለው ዘበኛ ነው ያገኘሁት፤ ዝም ብላችሁ ትከሉ!»

ነብር የምታፈቅር ሴት አድርገው በጋዜጣ ሲጽፉላት ስቃ ነበር። ላሃኒያ ነብሩን ትፈራው ነበር። እየፈራች ቦታ ሰጠችው። ከመውደድ የሚከብደው ይኼኛው ነው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት የመጀመሪያው ዱካ በወንዙ ጭቃ ላይ ታየ። የሰሃን ያህል ሰፊ። ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ አየው። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ የላሃኒያ ጥጃ ተበላ። የጋሽ ፑራን አይደለም፣ የኔ አይደለም፣ የእሷ። ከመካከላችን ሦስት ሰዎች የተረፈውን ሥጋ ሊመርዙ የተባይ መድኃኒት ይዘው ሄዱ። ስማቸውን አልጠራም። አንዱ አሁን መሬት መሬት እያየ ነው።

ሲደርሱ ላሃኒያ ማጭዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጥጃዋ ሬሳ አጠገብ ተቀምጣለች። እኔ ነበርኩ፤ አይቻለሁ።

«እትዬ፣ ተነሺ። ዛሬ ጥጃ፣ ነገ ልጅ ነው» አላት አንዱ።

«ጥጃው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ያለቀሰችው ማን ናት?»

«አንቺ።»

«ታዲያ የናንተ ንዴት ከየት መጣ? በሰው ኀዘን ነው የምትናደዱት?»

«ነብር ነው እኮ!»

«ነብርማ ነው። ግደሉትና ነገ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን ማን ያስፈራልናል? አንተ? አንተን ሚስትህ እንኳ አትፈራህም።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከጠዋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ከዚያ አልተነሣችም። አገር ሲረጋጋ በማግስቱ ሁላችንንም አስነሥታ የበረቶቻችንን አጥር በሰው ቁመት ልክ አስጨመረችን። ከዚያ ወዲህ ከዚህ መንደር ስንት ከብት ተበላ? በዘጠኝ ዓመት አራት። ከዚህ መንደርስ ስንት ነብር ተመረዘ? አንድም።

እንግዲህ አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልመጣ ነው።

ደኑ ተጋጠመ። ጽሕፈት ቤቱ ዛፍ ላይ ካሜራ ሰቀለ። ነብሯ ሦስት ግልገሎቿን አስከትላ በላሃኒያ ሺሻሞች ሥር ስታልፍ ተነሣች። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታተመ። እንግዶች መጡ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ጭብጨባ ሆነ። ያን ቀን ላሃኒያ ምን ተሰጣት? ወንበር እንኳ አልተሰጣትም። ቆማ ነው ያየችው። ይህንንም ዝም አልን።

ቀጥሎ ደኑ ጥብቅ ሆነ ተባለ። ሰሌዳ ተተከለ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም ነበር። ማንም አላነበበላትም። ይህንንም ዝም አልን። እኔማ ሥራ አገኘሁ፤ አረንጓዴ ጃኬት፣ ቦት ጫማ፣ ፊሽካ። ስሜን ለጽሕፈት ቤቱ ያቀረበችው ማን ነበረች? እሷው ነበረች። «ጆካንን ቅጠሩት፤ የጎሽ መግቢያ ሁሉ ያውቃል» ብላ።

ያለፈው ጥር ትዝ ይላችኋል። ጉሙ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ፀሐይን ደብቆ ዋለ። ሱንማቲ በወለደች በአምስተኛዋ ቀን ነበር። ሕፃኑ በብርድ ሰማያዊ ሆነ። ላሃኒያ ወደ ደኑ ገባች። ዛፍ አልቆረጠችም። አረንጓዴ ቅጠል አልነካችም። ነፋስ የጣለውን ደረቅ ቅርንጫፍ ነው የለቀመችው፤ በገዛ እጇ ከተከለችው ሺሻም ሥር። አንድ ሸክም እንኳ አይሞላም።

ሦስት ጠባቂዎች አገኟት። ሁለቱ አዲስ ናቸው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ።

አዎ። እኔ ነበርኩ። ያልሰማ ካለ ይስማ።

«እናት፣ ፈቃድ አለሽ?» አላት አንዱ።

«የምን ፈቃድ?»

«የእንጨት ነዋ።»

«ልጄ፣ ይህን ዛፍ ስተክለው አንተ ጥርስ አላወጣህም ነበር። ጥርስ ስታወጣ ፈቃድ ጠየቅህ?»

ልጁ ሊስቅ ቃጣው። ከዚያ አለቃውን አስታወሰና ገመዱን አነሣ። እሷ ወደኔ ዞረች።

«ጆካን፣ ንገራቸው እንጂ።»

ምን አልኩ? ምንም። ጫማዬን አየሁ። ጽሕፈት ቤቱ የሰጠኝን ጫማ። ሥራዬን ፈራሁ። ስድስት መቶ ችግኟን በጎሽ አስበልቼ ያላፈርኩት ሰው፣ ያን ቀን እንዲህ አፈርኩ።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አሳደሯት። ምንጣፍ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ። ጠዋት ጠዋት ሩዝ ይዤላት እሄድ ነበር። የታሰረችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሏል? ያ ፎቶ። ነብሯ ከሦስት ግልገሎቿ ጋር። ላሃኒያ ከሥሩ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ወደ ላይ በአገጯ አሳየችኝ።

«እያት ይቺን» አለችኝ። «እሷ በመስታወት ውስጥ ሞቋት ተቀምጣለች። እኔ ሲሚንቶ ላይ ነኝ። ቤቱን የሠራሁት ግን እኔ መስሎኝ ነበር።»

በአራተኛው ቀን አንድ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቷ አስፈርመው ለቀቋት። «የመንግሥት ደን ስሰርቅ ተይዣለሁ» ይላል ወረቀቱ። ሳታውቅ ነው የፈረመችው። ይህንንም ዝም አልን።

በዚያው ሳምንት፣ ስሙኝ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ተቋራጭ ለመስኖ ቦይ መንገድ ብሎ በማሽን አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ ገነደሰ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ጉቶው አሁንም አለ፤ ነብሯ በምትሻገርበት መሐል ለመሐል። እሱን ማን አሠረው? ማንም። እሱ ወረቀት ነበረው። እኔም ያኔ ተመድቤ ነበር። ምን እንድጠብቅ? ማሽኑን! ለደረቅ ቅርንጫፍ ገመድ፣ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ግንድ ዘበኛ። ይሄ ሕግ ነው? እስቲ ሕግ የተማራችሁ ንገሩኝ፣ ይሄ ምን ይባላል?

ከእስር ስትወጣ ሳል ይዟት ወጣች። ጤና ጣቢያው የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ መለሳት። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ዐረፈች። «የሳንባ ምች» ብለው ጻፉ። ሲሚንቶ ብለው አልጻፉም።

አልጨረስኩም፣ ጋሽ ፑራን። ትንሽ ታገሡኝ።

ትናንት ሁላስ ለእናቱ ማቃጠያ የሚሆን እንጨት እንዲፈቀድለት ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊው ምን አለው?

«ኃላፊው እስከ እሑድ ስልጠና ላይ ናቸው።»

«ሬሳ እስከ እሑድ ይቆያል?»

«ማመልከቻ አስገብተህ ጠብቅ።»

ማመልከቻ! ሃያ አራት ዓመት ዛፍ ለተከለች ሴት የመጨረሻ እንጨቷን በማመልከቻ! ልጇ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለእንጨቱ «ስልጠና ላይ ናቸው» የተባሉት ኃላፊ ለአበባው ግን ይኸው ዛሬ ደርሰዋል። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለኃላፊው ግን ልንገራቸው። ጃኬቱን፣ ጫማውንና ፊሽካውን አጥፌ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስድሳ ሦስት ሰው ሆነን በጠራራ ፀሐይ ደኑ ውስጥ ገባን። መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ። አንድ አረንጓዴ ቅርንጫፍ አልቆረጥንም፤ የወደቀውንና የደረቀውን ብቻ ለቀምን። ይህ የምታዩት እንጨት እሱ ነው። ፈቃድ የለውም።

ጌታዬ፣ ደብተርዎን ያውጡ። ይጻፉ። መጀመሪያ ጆካን። ቀጥሎ ፑራን፣ የመንደሩ ሹም። ቀጥሎ ሁላስ። አዎ ፉልባሲ፣ ሰምቼሻለሁ፤ ያንቺንም ይጽፉታል። አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳችኋል። ስድሳ ሦስት ሰው የሚበቃ ሲሚንቶ ካለዎት መጥተናል።

አበባዎን አንከለክልዎትም። ያኑሩት። እርስዎ ለዚህ ቦታ አዲስ ነዎት፤ ላሃኒያን በወረቀት ነው የሚያውቋት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እንለምንዎታለን፤ አይደለም፣ እንለምንዎታለን አልልም፤ እንጠይቅዎታለን። በአውራ ጣቷ የፈረመችው ያ ወረቀት ዛሬ ከመዝገብ ይውጣ። የልጅ ልጇ የሌባ የልጅ ልጅ ተብሎ አያድግም። ዝም አሉ። ዝምታዎ ይገባኛል። እኔም ሠላሳ ስምንት ቀን ዝም ብዬ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ይኸው ተጋድሞ እያየሁት ነው። እርስዎ ነገም መልስ መስጠት ይችላሉ። እኔ ዕድሌን ጨርሻለሁ።

እናንተም ወገኖቼ፣ ወደ ቤት ሄዳችሁ «ደግ ሴት ነበረች» እንዳትሉ። ደግ አልነበረችም። ምላሷ ይለበልብ ነበር። የታገለች ሴት ነበረች በሉ። በችግኝ ጣቢያዋ አራት ሺህ ችግኝ ትታለች። ክረምቱ እንደገባ ማሽኑ የገነደሰው ቦታ ላይ እንተክላቸዋለን። ተቋራጩ ቢመጣ ሴቶቹ አሉ። እኔም አለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ደሞዝ የሌለው ጠባቂ ነኝ።

ላሃኒያ።

ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቅሽ መጥቼ ነበር። ለተሰበሰበው ሁሉ ልናገረው፤ ደብቄ አልሸኝሽም። አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አልኩሽ። ረጅም ጊዜ ሳልሽ። ከዚያ ምን አልሽኝ?

«ገና ነኝ፣ ጆካን። ንዴቴ አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ ሰው እልክብሃለሁ።»

አምስት ቀን በሬን ክፍት አድርጌ ጠበቅሁ። አልላክሽብኝም። ሳትልኪብኝ ሄድሽ። ልክ ነሽ፤ እንዲህ በቀላል ልታልፊኝ አይገባም ነበር። ይቅርታሽን አልሰርቅሽም፤ ያልሰጠሽኝን ወሰድኩ ብዬ አልኩራራም። ንዴትሽን ግን ተቀብያለሁ። እስካለሁ ድረስ እኔ ጋ ነው። ሲደክመኝ ያስነሣኛል፤ ስፈራ ይገፋኛል።

በይ እንግዲህ፣ የሱካኒ ልጅ፣ የዕድሜ እኩያዬ፣ ደህና ሁኚ። ከአሸዋ ላይ ጥላ አውጥተሽልናል። ልጆቻችን ወንዙ ሳይወስዳቸው አደጉ። የምትፈሪውም አውሬ መንገድ አገኘ። ሂጂ። ቀና ብለሽ፣ በደኑ መሐል፣ እንደ ባለቤት ሂጂ። ዛሬ ፈቃድ አለሽ ወይ የሚልሽ የለም።

ሁላስ፣ ልጄ፤ ጊዜው ነው። ለኩስ።